ከኋላ ጎማ ሥር የነበረው ድንጋይ

ሐዱሽ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣው፣ አንድ ዳቦ የሚያህል ድንጋይ ከጊዜው ቀድሞ ስለተነሣ ነው። የተቀረው ሁሉ፣ ጩኸቱም፣ ድብደባውም፣ የሙዓዝ ዓይንም፣ ፖሊስ ጣቢያውም፣ ከዚያ ድንጋይ በኋላ የመጣ ነው።

ፍዮሪ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ድንጋዩ ሲነሣ አይታለች።

ማክሰኞ ረፋድ ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ነበር። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ከሚወርደው ቁልቁለት ጎን የምትታጠፍ አጭር መንገድ አለች፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ አዲስ አስፋልት፣ አዲስ የእግረኛ መንገድና አዲስ የመብራት ምሰሶ ገብቶላታል፤ ቁልቁለትነቷ ግን የድሮው ነው። እዚያ ላይ አንዲት ነጭ ቪትዝ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጋ፣ ሁለት ጎማዋን የእግረኛው መንገድ ላይ ሰቅላ ቆማለች። ትራፊክ ፖሊሱ ፎቶ አንስቷት ለኪሮስ ደወለለት።

ኪሮስ የፍዮሪ አባት ነው። ሥራው ያለ ቦታቸው የቆሙ መኪኖችን ማንሣት ነው። ሰው መኪናውን “ክሬን” ይለዋል እንጂ ጀርባው ላይ አጭር የብረት ክንድ የተበየደበት አሮጌ አይሱዙ ነው። ክንዱ ጫፍ ላይ ሹካ የመሰለ ማቀፊያ አለ። ማቀፊያው የፊት ጎማዎቹን ሥራቸው ገብቶ ያቅፋል፣ ክንዱ ወደ ላይ ይነሣል፣ የኋላ ጎማዎቹ አስፋልት ላይ እየተንከባለሉ ይከተላሉ። ኪሮስ ጋቢና ተቀምጦ ማንሻውን ይስባል። የእህቱ ልጅ ሐዱሽ፣ የሠላሳ ስድስት ዓመት ጎልማሳ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ ማቀፊያውን ያስገባል፣ ጎማዎቹን በቀበቶ ያስራል።

ፍዮሪ ከአምስት ኪሎ በሜካኒካል ምሕንድስና የተመረቀች ናት። አባቷ ጋር ሥራ ከገባች ስምንት ወር ሆኗታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ከአባቷ ጋር የተጣላችው። በትልልቅ ፊደል ጽፋ ጋቢናው ውስጥ የለጠፈችው ወረቀት እስከ ዛሬ አለ። መኪናውን ሳታውቀው አትንካው ይላል። የሚነዱት የፊት ጎማዎቹ ናቸው ወይስ የኋላዎቹ? ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው ወይስ ማንዋል? የእጅ ፍሬኑ ይይዛል? ከጎማው ሥር ድንጋይ ካለ የእጅ ፍሬኑ ሞቷል ማለት ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ነው ፍሬኑ። ከመጨረሻው መስመር ሥር ሁለት ጊዜ አስምራበታለች፦ ፍዮሪ እጇን ሳታነሣ ክንዱ አይነሣም።

“እጅ የሚያነሣ ትራፊክ ነው” ብሎ ነበር አባቷ።

የእሱ ሕግ ሌላ ነው። ሐዱሽ ሥራውን ሲጨርስ የመኪናውን ገላ በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይመታል። ጧ፣ ጧ። ኪሮስ ይስባል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርቶ አንድ ሰው አልተጎዳበትም፤ ይህንንም በቀን ሦስት ጊዜ ይናገራል።

ያን ዕለት ፍዮሪ ቪትዟን ዞራ አየቻት። አውቶማቲክ ናት፤ “ፒ” ላይ ስትቆም የምትቆልፈው የፊት ጎማዎቿን ብቻ ነው። ፊቷ ከመሬት ከተነሣ ቁልቁለቱ ላይ ይዟት የሚቀረው የእጅ ፍሬኗ ነው። ከግራ የኋላ ጎማዋ ሥር ደግሞ ድንጋይ ነበረ።

“ሐዱሽ፣ ድንጋይ አላት። ሳታስር እንዳትመታ።”

“ሰምቻለሁ፣ ኢንጂነር” አለ ሐዱሽ ከመሬት ሆኖ። “ኢንሹራንሴን እየሞላሽ ጠብቂኝ።”

ፍዮሪ የአባቷ መስታወት በሚያያት በኩል ቆመች፤ እጇንም ለማንሣት ተዘጋጅታ ከወገቧ በላይ አደረገችው። ቁልቁል የምትወርድ ሚኒባስ አጠገቧ ፍጥነቷን ቀነሰች። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣

“አምባሳደር! አምባሳደር! ግቢ እናት፣ አንድ ሰው!” አለ።

“ታክሲ አልጠራሁም።”

“እጅሽ ጠርቷል እኮ!”

ሚኒባሷ ውስጥ ያሉት ሳቁ፤ አይሱዙው መንገዱን ስለዘጋው ሚኒባሷም እዚያው ቆመች። ረዳቱ ወርዶ እጁን አጣምሮ ማየት ጀመረ። ፒያሳ መኪና ሲነሣ ሥራ ያለውም ሥራውን ትቶ ያያል።

በዚህ መሃል የመኪናዋ ባለቤት ከሱቁ እየሮጠ ወጣ። ሙዓዝ ይባላል፤ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ የብረት ቧንቧዎች በቁመት ተደርድረዋል።

“እህት! በአላህ ይዤሻለሁ! አሁን ነው ያቆምኳት!”

“ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ነው የቆመችው።”

“እሺ ከአንድ ሰዓት! ላንሣት፣ ቁልፉ ይኸው።”

“ሰው ሥሯ አለ። ወደ ኋላ በል።”

“የራሴን መኪና?”

“ወደ ኋላ በል አልኩህ እኮ! አማርኛ ነው የተናገርኩት!”

ሙዓዝ አልሰማትም። ቁልፉን ወደ ቪትዟ ዘርግቶ ሪሞቱን ተጫነ። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ጮኸች፣ የጎን መብራቶቿ በርተው ጠፉ።

ፍዮሪ ለአይሱዙው ጀርባዋን የሰጠችው ስድስት ሰከንድ ቢሆን ነው። በስድስተኛው ሰከንድ በግራ ዓይኗ ጥግ ቢጫ ሰደርያ ሲጎነበስ አየች።

ጋሽ እምሩ ናቸው። እዚያች መንገድ ላይ አሥራ አንድ ዓመት መኪና ጠብቀዋል። ሹፌር ሊወጣ ሲል ድንጋዩን ከጎማው ሥር ያወጡለታል፣ ወደ ዳር ይወረውሩታል፣ ገላውን ሁለቴ መታ መታ አድርገው “በል ሂድ አባቴ!” ይሉታል። አዲሱ አስፋልት ከመጣ ወዲህማ መንገድ ላይ ድንጋይ ከተገኘ ደንብ አስከባሪዎች የሚቆጡት እሳቸውን ነው። መኪናዋ ልትሄድ መሆኑን አዩ፤ ባለቤቷ ቁልፍ ይዞ መጣ፣ መብራቷም በራ። ጎንበስ አሉና ድንጋዩን አነሡ።

“ጋሼ፣ ተዉት!” አለች ፍዮሪ።

ጧ፣ ጧ።

ኪሮስ ማንሻውን ሳበ።

ቪትዟ አፍንጫዋን ቀና አደረገች። የፊት ጎማዎቿ ከአስፋልቱ አንድ ክንድ ያህል ተነሡ፤ የግራው ታስሯል፣ የቀኙ ቀበቶ ገና ሐዱሽ እጅ ላይ ነበር። ከዚያ መኪናዋ፣ ማንም ሳይነካት፣ ወደ ኋላ ሄደች። ቀበቶው ተበጥሶ የኪሮስን የኋላ መስታወት መታው። ቀኙ ጎማ ከማቀፊያው ሾልኮ ሐዱሽ እግር ላይ ወደቀና እግሩን ይዞት ቁልቁል ተጓዘ። ሐዱሽ አልጮኸም። አስፋልቱን በሁለት እጁ እየቧጠጠ አራት እርምጃ ያህል ተጎተተ። መኪናዋ በጀርባዋ አዲሱን የመብራት ምሰሶ መትታ ስትቆም ነው የጮኸው። እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጥፎ ነበር፤ አጥንቱ ሱሪውን ቀዶ ወጥቷል። በተሰበረው የኋላ መብራት ስብርባሪ ላይ ደሙ ፈጥኖ ተዘረጋ።

ፍዮሪ የወገቧን ቀበቶ ፈትታ ጭኑ ላይ አሰረችው፣ በጉልበቷ ተጭና እስኪያስጮኸው አጠበቀችው። ያኔ ነው ከላይዋ የአባቷን ድምፅ የሰማችው።

“በሪሞት ለቀቀው! በሪሞት ነው የለቀቀው! ገደለው!”

ቀና ስትል ኪሮስ ከጋቢናው ወርዶ በጣቱ ወደ ሙዓዝ እያሳየ ነው። ሕዝቡ ዞረ። ሁሉም መብራቷ ሲበራ አይቷል፣ ሁሉም ስትጮህ ሰምቷል፣ ወዲያው ደግሞ መኪናዋ ሰው ላይ ሄዳለች። ለማንም ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም። ሙዓዝ ቁልፉን እንደያዘ አፉን ከፈተ፤ የመጀመሪያው ቡጢ የተከፈተው አፉ ላይ አረፈ።

“ነፍሰ ገዳይ!”

“እኔ ምንም—”

“በሪሞት! ሰው ሥሩ እያለ!”

በካልቾ ጣሉት። ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከአዲሱ የድንጋይ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። እዚያው አጠገብ የቆመው የሚኒባሱ ረዳት ከሙዓዝ ሱቅ ደጃፍ አንድ የብረት ቧንቧ ሳብ አድርጎ አወጣ። ቅድም በፍዮሪ የሳቁት ተሳፋሪዎች ከኋላው አሉ። አንዷ ሴትዮ በጃንጥላ ትወጋዋለች፣ ክራባት ያሠረ ሰው የቢሮ ቦርሳውን በግራ እጁ ይዞ በእግሩ ይረግጠዋል። ቧንቧው ወረደ። ሁለተኛ ሲወርድ ሙዓዝ ፊቱን በእጆቹ ለመሸፈን ዘግይቶ ነበር።

የሙዓዝ ሚስት ኢክላስ ከሱቁ ወጥታ ላዩ ላይ ተወረወረች። በፀጉሯ ጎትተው አነሷት።

ፍዮሪ አንድ ጎረምሳ ይዛ እጁን ሐዱሽ ጭን ላይ፣ ከቀበቶው በላይ፣ አስቀመጠችው። “እዚህ ተጫን። ብትለቀው ይሞታል” አለችው። ተነሥታ ከአይሱዙው ጀርባ የመጎተቻውን ሰንሰለት አወረደች። ሁለት ሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ አለው። አልለመነችም፣ ማንንም “ተዉ” አላለችም። ሰንሰለቱን በእጇ ጠቅልላ ወነጨፈችው። መጀመሪያ ክራባት ያሠረውን ሰው ትከሻው ላይ መታው፣ ቀጥሎ ረዳቱን አገጩ ላይ። ጥርሶቹ ደሙ ውስጥ ነጭ ሆነው አስፋልቱ ላይ ሲበተኑ አየቻቸው። ቧንቧው ከእጁ ከመውደቁ በፊት ግን የግራ እጇን አንጓ መትቶታል። ሙዓዝን በሁለት እግሯ መሃል አድርጋ ቆመች።

“ቀጣዩ ማነው?”

አንድም አልተጠጋም። ከምኒልክ አደባባይ በኩል የፖሊስ ፊሽካ ሲሰማ እየቀለለ የነበረው ግርግር ፈጽሞ ተበተነ፤ ሚኒባሷ እንኳ ረዳቷን ትታ በወደ ኋላ ማርሽ ሄደች። የቀሩት ሐዱሽ፣ ጭኑን የተጫነለት ጎረምሳ፣ ሙዓዝ፣ ኢክላስ፣ አፉን ይዞ የተቀመጠው ረዳት፣ ጋቢናውን ተደግፎ የቆመው አባቷና አንድ ቢጫ ሰደርያ ናቸው።

ጋሽ እምሩ የሱቁን ግድግዳ ተደግፈው ቁጢጥ ብለዋል።

“ድንጋዩን የት ጣሉት?” አለቻቸው።

“ቦዩ ውስጥ።”

“ለምን ነካኩት?”

“ልማድ ነው ልጄ። እጄ ነው ያነሣው፣ እኔ አይደለሁም።”

“ሙዓዝን ሲደበድቡት እዚህ ነበሩ።”

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። “በዚያች ሰዓት ‘እኔ ነኝ’ ብል፣ አሁን ያንቺ ሰንሰለት ይደርስልኝ ነበር?”

እውነታቸውን ነው፣ አይደርስም ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ሐዱሽን በአልጋ እየገፉ ሲያስገቡት፣ ዓይኑን ከፍቶ እጇን ያዘ። የመዳፉ ቆዳ ተልጦ ሥጋው ወጥቷል።

“ፍዮሪ፣ እኔ ነኝ የመታሁት?”

“አይደለህም።”

“ሳላስር መታሁ እንዴ? አላስታውስም። አኮይ ሁለቴ ሰማሁ ነው የሚለኝ።”

አኮይ የሚለው አጎቱን፣ የፍዮሪን አባት ነው። ኪሮስ አምቡላንስ ውስጥ አብሮት ነበር፤ ለዚያ ለሚደማ ሰው በመንገድ ላይ የነገረው ነገር ይህ ነው።

“አንተ አልመታህም” አለች። “በደንብ ስማኝ። አንተ አይደለህም።”

ከሰዓት በኋላ እግሩን ቆረጡት።

ረቡዕ እንደገና ሄደች። ከሐዱሽ ክፍል ሁለት በር አልፎ፣ ፖሊስ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሌላ በር አለ። ኢክላስ እሱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ በጭንቅላቷ አንድ ወገን ፀጉሯ ተነቅሏል፤ ሻርፗን ገልጣ ቁስሉን ራሷ በጥጥ ትጠራርጋለች።

“ባለ ሰንሰለቷ ነሽ” አለቻት።

“ነኝ።”

“የዚያ ሽማግሌ ልጅም ነሽ አሉ፤ ‘በሪሞት ለቀቀው’ ያለው።”

“ልጁ ነኝ።”

ኢክላስ ጥጡን ጣለችው። “ግራ ዓይኑ ወጥቷል። ቀኝ እጁን ካልጋው ጋር በካቴና አስረውታል። ዓይን የለው፣ ካቴና አለው። ሰው ለመግደል አስቦ ነው ይላሉ። አንቺ የተማርሽ ነሽ አሉ። ሪሞት መኪና ይለቃል?”

“አይለቅም።”

“እዚህ ለኔ ብትነግሪኝ ምን ያደርግልኛል? ለነሱ ንገሪያቸው።”

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ኪሮስ ወደ ቢሮው አስጠራት። ቢሮው ከቴዎድሮስ አደባባይ በስተጀርባ፣ የተነሡ መኪኖች በሚቆሙበት ግቢ ውስጥ ያለ የብረት ኮንቴይነር ነው። ግድግዳው ላይ ሰንሰለት፣ ክሪክና ቀበቶ ተሰቅሏል። የተበጠሰው ቀበቶም ተመልሶ ቦታው ተሰቅሏል፤ ያየችው መጀመሪያ እሱን ነው።

“ተቀመጪ፣ ጓለይ” አላት፤ በትግርኛ “ልጄ” ማለቱ ነው።

“እቆማለሁ።”

አባቷ ሁለት ቀን አልተላጨም። “ሳጅን አባይነሽ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትፈልግሻለች። መሐንዲስ ናት ብያታለሁ። ያንቺ ቃል እንደ ባለሙያ ቃል ነው የሚያዘው።”

“ምን እንድል ነው?”

“ሁሉም ያየውን። ልጁ ሪሞት ተጫነ፣ መብራት በራ፣ መኪናዋ ተለቀቀች።”

“አቦይ፣ ሪሞት በር ነው የሚከፍተው። ፍሬን አይለቅም። ማርሽ አያወጣም።”

“እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ። እነሱ አያውቁም።”

“እጄን አላነሣሁም።”

“ሁለቴ ተመታ! ሠላሳ ዓመት ሁለቴ ሲመታ አነሣለሁ!”

“የመታው ሐዱሽ አይደለም። ጋሽ እምሩ ናቸው። ድንጋዩን አንሥተው ነው የመቱት። መስታወቱን ብታየው እኔን ታየኝ ነበር፤ ጀርባዬን ታይ ነበር። ጀርባዬን አይተህ ትስብ ነበር?”

ኪሮስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከትንሽ ልጅ ጋር እንደሚነጋገር፣ “ልታሳስሪው ነው እንግዲህ? ያን ምስኪን ሽማግሌ?” አላት።

“ሙዓዝስ ምስኪን አይደለም?”

“እሱ እንደሆነ ተመቷል። የወረደበትን ዱላ መልሰሽ አታነሺለትም። ነገ ዓይን አታበቅዪለትም። እሱ ንጹህ ነው ያልሽ ቀን ግን ሰው ያስደበደብኩ እኔ ነኝ። ገብቶሻል? ፈቃዴን ብቻ አይደለም የሚወስዱት። እኔን ነው።”

“ያስደበደብከው አንተ ነህ።”

በጥፊ መታት። ጆሮዋ ጮኸ። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ወዲህ መትቷት አያውቅም፤ ያኔ አልቅሳለች። አሁን በደህናው እጇ ደረቱን ገፋችው። ኪሮስ በጀርባው መደርደሪያው ላይ ወደቀ፣ ክሪኩና የብረት መንጠቆዎቹ ላዩ ላይ ዘነቡበት። አንዱ ቅንድቡን ሰንጥቆት ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ፣ አያት።

“አባትሽን፣ ፍዮሪ?”

“ለሐዱሽ ‘ሁለቴ ሰማሁ’ ያልከው ለምንድን ነው? እግሩ እየተቆረጠ ጥፋቱ የራሱ እንዲመስለው?”

ፍዮሪ አንድ ፎጣ ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ወረወረችለት። “ቅንድብህ ይሰፋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እገኛለሁ።”

ኪሮስ ቅንድቡን በፕላስተር አጣብቆ ከእሷ ቀድሞ ጣቢያው ደርሷል። የሳጅኗ ቢሮ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና በራሱ እየተገፋ የሚዘጋ የብረት በር። በሩ እንዳይዘጋ ከሥሩ ድንጋይ ተደርጎለታል።

ሳጅን አባይነሽ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ዝቅ አድርጋ የሁለቱን ፊት አየች፤ የአባትየውን ቅንድብ፣ የልጅቷን ጉንጭ፣ በፋሻ የተንጠለጠለውን እጅ። “ቤተሰብ ናችሁ አሉኝ” አለች። “ያስታውቃል።”

“ቃሌን ልስጥ” አለች ፍዮሪ።

“አባትሽ ሰጥተዋል። መኪናው በሪሞት ተለቀቀ ነው። አንቺ ባለሙያ ነሽ፤ ይቻላል ወይስ አይቻልም?”

“አይቻልም።”

ኪሮስ “ጓለይ” አለ።

“ጸጥ ይበሉ፣ አባት። ቀጥዪ።”

ፍዮሪ ቀጠለች። ሳጅኗ እንድትጽፍ እየጠበቀች፣ አንዳንዱን ቃል እየደገመች፣ ማክሰኞን ከትራፊኩ ስልክ ጀምሮ አወረደችው። የቪትዟ የእጅ ፍሬን የሞተ መሆኑን፤ ማስረጃው መኪናዋ ራሷ ናት፣ ተፈትሻ ትታይ። “ፒ” የሚቆልፈው የፊት ጎማን ብቻ መሆኑን፣ ፊቷ ሲነሣ ይዟት የነበረው ድንጋይ መሆኑን። ድንጋዩን ጋሽ እምሩ በልማድ እንዳነሡት፣ ገላውን ሁለት ጊዜ እንደመቱ፣ አባቷም ምልክቷን ሳይጠብቅ እንደሳበ። “በሪሞት ለቀቀው” ያለው ድምፅ ጋ ስትደርስ አላቆመችም።

“የማን ድምፅ ነበር?”

“የአባቴ። ይህንንም ጻፊው፦ እኔ በዚያች ሰዓት ሥራዬን ትቼ ከመኪናው ባለቤት ጋር እየተጨቃጨቅሁ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ስድስት ሰከንድ ያህል።”

ሳጅኗ ቀና አለች። “ይህን ማን ጠየቀሽ?”

“የሆነው እሱ ስለሆነ።”

“አንድ የታክሲ ረዳትም ክስ አቅርቧል። አራት ጥርስ። ማን እንደመታው አላየሁም ብለዋል አባትሽ።”

ፍዮሪ ወደ አባቷ ዞረች። ኪሮስ ወለሉን እያየ ነበር፤ ስለ እሷ የዋሸው አንዱ ውሸት ይህ ነው፣ ሊያድናት የዋሸው።

“እኔ ነኝ” አለች። “በመጎተቻ ሰንሰለት። አንድ ሌላ ሰውም መትቻለሁ፣ ክራባት ያሠረ፤ ስሙን አላውቅም።”

ሳጅን አባይነሽ ብዕሯን አስቀመጠች። “ይህን ከፈረምሽ ትከሰሻለሽ፣ ልጄ። አባትሽም። ሽማግሌውም።”

“ሙዓዝስ?”

“ለአለቃ አቀርበዋለሁ። እንዲህ ከሆነ የሚያስይዘው ነገር የለም።”

“ካቴናው ዛሬ ይፈታል?”

ሳጅኗ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። “ዛሬ ይፈታል።”

ፍዮሪ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አንድ ቦታ ላይ “ቀኝ የኋላ ጎማ” ተብሎ ተጽፏል፤ “ግራ” ብላ አስታረመችው። ፈረመች።

“ከዛሬ ወዲያ ቤቴን እንዳትረግጪ” አለ ኪሮስ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ደክሞታል። “ሰምተሻል? ለእናትሽ አንቺው ንገሪያት። እኔ አልነግርም።”

“እነግራታለሁ። ሐዱሽንም ንገረው፤ ሁለቴ የመታው እሱ እንዳልሆነ ከአንተ አፍ ይስማ።”

ኪሮስ የቅንድቡን ፕላስተር በጣቱ ጫን አደረገው። ሳጅኗ ሁለተኛ ወረቀት አወጣችና “እሺ አባት፣ አሁን እርስዎ እንደገና ከመጀመሪያው” አለች።

ፍዮሪ ወደ በሩ ሄደች። ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ከማንሣቷ በፊት ከበሩ ኋላ ሰው መኖር አለመኖሩን ጎንበስ ብላ አየች። ማንም አልነበረም። ድንጋዩን አንሥታ ዳር አስቀመጠችው፣ ወጣች፣ በሩን ዘጋችው።